በሮም የሕዝብ ብስክሌት ጋራዦች፦ ምንድን ናቸው? ለእኛስ ምን ይጠቅሙናል?

ጎማ፣ ብሎን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ካላማዳሪያ። እነዚህን ቃላት አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሁሉም ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ስለዚህ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ወገናችን ሮም ውስጥ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ሲገባ ጣልያንኛው ገና ቢሆንም ከሥራው ቃላት ብዙዎቹን ያውቃል። እዚህ ተወልደን ወይም አድገን አማርኛችን የሚንገዳገድብን ልጆች ደግሞ በተቃራኒው በኩል እንገባለን፤ ጣልያንኛውን እናውቃለን፣ ሥራውን ግን አንችልም። ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ብንገናኝ የምንሰጣጠው ነገር አለን።

በዚህ ጽሑፍ በሮም «ቺክሎፊቺና ፖፖላሬ» ስለሚባሉት የሕዝብ ብስክሌት ጋራዦች እናጠናለን። ምን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ለአካባቢያቸው ምን እንዳደረጉ፣ ከነርስ ትምህርት አንጻር ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ እንዲሁም ማኅበራችን ምን ሊያደርግ እንደሚችል በቅደም ተከተል እናያለን። በመካከሉ ለሥራ የሚጠቅም ትንሽ የጥገና ትምህርትም አለ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቺክሎፊቺና ምንድን ነው?

ቃሉ ሁለት ቃላትን ያጣመረ ነው፤ «ቺክሎ» ብስክሌት፣ «ኦፊቺና» ደግሞ ጋራዥ ወይም የእጅ ሥራ ቤት ማለት ነው። «ፖፖላሬ» የሚለው ቅጽል የሕዝብ መሆኑን ያሳያል። ከተራ የብስክሌት ሱቅ የሚለይባቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ትርፍ አይፈልግም። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ጋራዡን ይከፍታሉ።

ሁለተኛ፣ ብስክሌትህን ጥለህ ሄደህ ማታ ተጠግኖ የምትወስድበት ቦታ አይደለም። መሣሪያው አለ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይቆማል፣ እጁ ግሪስ የሚነካው ግን የአንተ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጎማህ ሲተነፍስ ማንንም ሳትለምን ራስህ እንድትጠግነው ነው ዓላማው።

ሦስተኛ፣ ክፍያው በፈቃድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳጥን ይቀመጣል፤ ያለው ይጥላል፣ የሌለው አይጠየቅም። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለማስቲሽ፣ ለፍሬን ገመድ፣ ለዘይትና ለመብራት ይውላል።

አራተኛ፣ ዕቃው በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ሰው ከምድር ቤት አውጥቶ የሚጥለው፣ ከግቢ ጥግ ዝጎ የተገኘ፣ ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የተወው ብስክሌት ወደዚያ ይመጣል። ከሦስት የሞቱ ብስክሌቶች አንድ የሚሄድ ይወጣል። የቀረው ብሎንና ኩሽኔታ ለሌላ ጊዜ በጣሳ ይቀመጣል። አገር ቤት ዕቃ በቀላሉ እንደማይጣል ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

2. ከየት መጡ?

የጋራ ብስክሌት ጋራዥ የሮም ብቻ አይደለም። በሎስ አንጀለስ «የብስክሌት ወጥ ቤት» የሚባል አለ፤ ስሙ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፍቷል። በፈረንሳይ ራስን በራስ የሚጠግኑበት ጋራዦች የራሳቸው አገር አቀፍ ኅብረት አላቸው። በለንደን ደግሞ ከ2013 ጀምሮ «ዘ ባይክ ፕሮጀክት» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያገለገሉ ብስክሌቶችን እየጠገነ ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎች ይሰጣል፤ ለስደተኛ ሴቶችም የብስክሌት መንዳት ትምህርት አለው።

የሮሞቹ ያደጉት «ክሪቲካል ማስ» ከተባለው እንቅስቃሴ ጋር አብረው ነው። ይህ እንቅስቃሴ በሳን ፍራንሲስኮ በመስከረም 1992 ተጀመረ። በወር አንድ ቀን ብስክሌተኞች ያለ መሪ፣ ያለ ቋሚ መንገድ ተሰብስበው በከተማው ይጓዛሉ፤ መልእክቱ «እኛም ትራፊክ ነን» ነው። ወደ ጣልያን የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን በሮም በወሩ የመጨረሻ አርብ ማታ በፒራሚዱ አጠገብ በፒያሳሌ ኦስቲየንሴ ይሰበሰባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ በግንቦት መጨረሻ አካባቢ «ቺኤሞና» የሚባለው ትልቁ ጉዞ አለ፤ ከሌሎች ከተሞችና አገሮችም ሰው ይመጣል። በሰልፉ ለመገኘት የሚሄድ ብስክሌት ያስፈልጋል፤ የሚሄድ ብስክሌት እንዲኖር ደግሞ ጋራዥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋራዦቹ በየሰፈሩ ተከፈቱ፤ በሞንቲ፣ በማሊያና፣ በፕሬኔስቲና መንገድ፣ በሌሎችም ቦታዎች።

3. የኤክስ ስኒያ ግቢ

ከነዚህ ውስጥ ታሪኩ ብዙ የሚያስተምረው በፕሬኔስቲና መንገድ በኤክስ ስኒያ ግቢ ያለው ነው። ቦታው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ የሬዮን፣ ማለትም የሰው ሠራሽ ሐር ፋብሪካ ነበር። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሠርቶ ተዘጋ። ብዙ ሴቶች ሠርተውበታል። በዚያ ዘመን የሬዮን ፋብሪካዎች ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል ይጠቀሙ ነበር። ኬሚካሉ ነርቭን፣ አእምሮንና የደም ሥርን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ነርሶች ስለ ሥራ ቦታ በሽታዎች ስንማር ከምናገኛቸው ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ መሬቱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ቆየ። በ1992 አንድ ኩባንያ የገበያ አዳራሽ ለመሥራት ሲቆፍር የከርሰ ምድር ውኃ ተነካ። ውኃውን በፓምፕ እየሳቡ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ለመልቀቅ ሞከሩ፣ ነገር ግን አልተቻለም። ግንባታው ቆመና በከተማው መካከል ሐይቅ ተፈጠረ። ዛሬ «ላጎ ቡሊካንቴ» ይባላል። የሰፈሩ ሰዎች መሬቱ ለሕንፃ እንዳይውል ለብዙ ዓመታት ታገሉ፤ በ2020 የላዚዮ ክልል ቦታውን የተፈጥሮ ሐውልት ብሎ አወጀው። ከፋብሪካው ግቢ አንዱ ክፍል በ1995 በወጣቶች ተይዞ የማኅበራዊ ማዕከል ሆኗል፤ የብስክሌት ጋራዡም የዚያ ሕይወት አካል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ጋራዦች በአብዛኛው በገንዘብ የተገዛ ወይም በመደበኛ ኪራይ የተያዘ ቤት የላቸውም። የቆሙት በሰፈሩ ሰው ፍላጎትና ጉልበት ነው። ይህ ጥንካሬያቸው ነው፤ ድክመታቸውም ነው። የቤቱ ጉዳይ ከተቀየረ ወይም ሁለት ሦስት ሰዎች ከደከሙ በሩ ይዘጋል።

4. ርቀትና ሥራ

ብስክሌት ለሮም ድሃ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ማየት በቂ ነው። ሥራ ያጣ አባወራ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ላለው ሰው ብቻ ነው። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቅበታል። ልጁን ይዞ በፒያሳ ቪቶሪዮና በፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ሲፈልግ ይውላል። እነዚያ ሁለት ቦታዎች ዛሬም አሉ፤ ፒያሳ ቪቶሪዮ ደግሞ የብዙ አገር ስደተኞች ሰፈር ሆኗል።

ፊልሙ ከተሠራ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ነገሩ ግን አላረጀም። ዛሬ በከተማው ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ሥራቸው በሁለት ጎማ ላይ ነው። ብስክሌቱ ከተበላሸ የዚያ ቀን ገቢ የለም።

ርቀቱንም እናስበው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ብዙ መቶ ስደተኞች ከ2006 ጀምሮ የኖሩበት «ሰላም» የሚባለው ሕንፃ ያለው በሮማኒና፣ በከተማው ዙሪያ አውራ ጎዳና አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ቴርሚኒ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኩርታቶኔ መንገድ፣ በቴርሚኒ አጠገብ ያለውን ሕንፃ ይዘው ይኖሩ የነበሩት፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑት ስደተኞች በነሐሴ 2017 እንዲወጡ ሲደረግ፣ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ የተኙትም ውኃ በሚረጭ መኪና ሲበተኑ፣ ያጡት ጣሪያ ብቻ አልነበረም። ከተማው መሃል በእግር የሚደርሱበትን ሥራ፣ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ሐኪማቸውንም ነው የራቁት። በሮም ቤት ማጣት ማለት ብዙ ጊዜ ከሁሉ ነገር መራቅ ማለት ነው።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በከተማ ውስጥ ያለ ችኮላ የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። ሜትሮው በሥራ ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ከምግብ ቤት ወይም ከጽዳት ሥራ የሚወጣ ሰው የሌሊት አውቶቡስ ይጠብቃል። ወርሃዊው የትራንስፖርት ካርድ 35 ዩሮ ነው። ብስክሌት መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ታርጋ የለውም፣ ሶጆርኖ ያላለቀለትም ይነዳዋል። በእርግጥ ሮም ኮረብታ ይበዛባታል፣ የመሃል ከተማው ጥቁር ድንጋይም ብሎን ያላላል። መኪናው ደግሞ በጣም ብዙ ነው፤ ለ100 ነዋሪ ከ60 በላይ መኪና አለ። ያም ሆኖ ብዙ ሰው የሚመርጠው በመኪናና በብስክሌት መካከል አይደለም። በብስክሌትና በመጠበቅ መካከል ነው።

5. ከነርስ ትምህርት አንጻር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲኖር ይመክራል። ለሥራ በቀን 30 ደቂቃ ሄዶ 30 ደቂቃ የሚመለስ ሰው በአምስት ቀን 300 ደቂቃ ይሞላል። ለጂም ገንዘብም ጊዜም ለሌለው፣ ቀኑን ሙሉ አረጋዊ ሲንከባከብ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በቤተሰቦቻችን ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት ስማቸው የማይነሳበት ቤት ጥቂት ነው፤ እንቅስቃሴ ሁለቱንም ለመከላከልም ለመቆጣጠርም ይረዳል።

ግን አደጋውን ደብቀን ጥቅሙን ብቻ ብንናገር ትክክል አይሆንም። በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። በጣልያን ቁጥሩ በዓመት 3,000 ገደማ ሲሆን ከነዚህ ውስጥ 200 ገደማ የሚሆኑት ብስክሌተኞች ናቸው። በከተማው አንዳንድ መገናኛዎች ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ብስክሌት በምሰሶ ታስሮ ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ ብስክሌተኛ ሞቷል ማለት ነው።

በልምምድ ጊዜዬ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ የመጣ አንድ ወጣት አይቻለሁ። ምግብ ሲያደርስ የወደቀ ነው። ስለ ሕመሙ ሳንጠይቀው በፊት እሱ የጠየቀን ስለ ብስክሌቱ ነበር፤ የተዋሰው ነበርና። ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ደካማ እንደነበር ያውቃል። ለማሠራት ግን የሚቀጥለውን ክፍያ እየጠበቀ ነበር። የፍሬን ጎማ የጥቂት ዩሮ ዕቃ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ግን ለሳምንታት ከሥራ ያስቀራል።

በትምህርታችን የመጀመሪያ ደረጃ መከላከል የምንለው ሰው ሳይታመም በፊት የሚደረገውን ነው። ክትባት እንዲህ ነው፣ ንጹሕ ውኃ እንዲህ ነው። ማታ በፕሬኔስቲና መንገድ የአንድን ስደተኛ ፍሬን አብሮ የሚያጠብቅ በጎ ፈቃደኛም በእኔ እምነት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሆስፒታል የሚያየው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ጋራዡ ከመውደቁ በፊት ያገኘዋል።

6. ትንሽ ትምህርት፦ ከመንዳት በፊት

ድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያው ምርመራ ኤ-ቢ-ሲ ነው፤ የአየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር። የብስክሌት መካኒኮችም በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ኤ-ቢ-ሲ አላቸው፤ በአማርኛ አየር፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት ልንለው እንችላለን። አንድ ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

አየር፦ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን በሉት። በቀላሉ ከገባ ንፉት። ትክክለኛው ግፊት በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ፍሬን፦ ሁለቱንም እጀታዎች አንድ በአንድ ጨምቁ። እጀታው መሪውን ከነካ ገመዱ ላልቷል። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን እንጂ የውጩን ጎማ መንካት የለበትም። በጣልያን አብዛኛውን ጊዜ የግራው እጅ የፊቱን፣ የቀኙ የኋላውን ይይዛል። ከሌላ አገር የመጣ ብስክሌት ሊለይ ስለሚችል ቆማችሁ ሞክሩት።

ሰንሰለት፦ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። የሚንጫጫ ከሆነ ደርቋል። በጨርቅ ጠርጉት፣ ጠብታ ዘይት አድርጉ፣ የተረፈውን መልሳችሁ ጥረጉ። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ ይጣበቃል።

ከነዚህ ቀጥሎ ሕጉን እወቁ። በጣልያን ብስክሌት የሚሠራ ፍሬን ለፊትም ለኋላም፣ ደወል፣ ለማታ ደግሞ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ሊኖረው ይገባል። ከከተማ ክልል ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም በዋሻ ውስጥ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዴታ ነው። የራስ ቁር ግዴታ አይደለም፣ ግን አድርጉት፤ ከቅንድብ በላይ በሁለት ጣት ስፋት ይቀመጥ፣ የአገጩ ማሰሪያም ከአንድ ሁለት ጣት በላይ አያስገባ። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የመንገድ ሕግ ደግሞ ብስክሌት የሚቀድም ሹፌር የመንገዱ ሁኔታ በፈቀደ መጠን ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። መብታችሁን እወቁ፣ ግን ሹፌሩ ያውቃል ብላችሁ አትተማመኑ።

የተነፈሰ ጎማ አጠጋገንም እነሆ፦

ቸርኬውን አውጡ። የውጩን ጎማ በፕላስቲክ ማንሻ አላቁት፤ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፣ ካላማዳሪያውን ሌላ ቦታ ይበሳዋል። ካላማዳሪያውን አውጥታችሁ ንፉና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እየጨመቃችሁ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ። ቀዳዳውን ምልክት አድርጋችሁ አድርቁ። አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ የውጩን ጎማ ውስጡን በጣት ቀስ ብላችሁ ዳሱ። የበሳው ጠርሙስ ወይም ሽቦ እዚያው ካለ ነገም ይበሳዋል። ከዚያ በቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ጥጋኙን መለጠፍ የጀማሪ ሁሉ ችኮላ ነው። ሲደርቅ ጥጋኙን ለጥፋችሁ አጥብቃችሁ ጫኑ። ካላማዳሪያውን በትንሹ ነፍታችሁ መልሱት፣ ቫልቮላው ቀጥ ብሎ መውጣቱን እዩ፣ ጎማውን በእጅ አስገቡ፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ንፉ።

ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው አይረሳውም። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ሌላውን ማሳየት ይችላል።

7. የማይችሉት ነገር

የሕዝብ ጋራዦችን ስናመሰግን ከአቅማቸው በላይ መጠበቅ የለብንም። በሳምንት የሚከፈቱት ለጥቂት ሰዓታት ነው። የሚያስተምሩት በጣልያንኛ ነው፤ ፈቃደኛው እንግሊዝኛ ቢችል እንኳ አማርኛና ትግርኛ አይኖረውም። ብዙዎቹ ያሉት የፖለቲካ አቋማቸውን በግድግዳቸው ላይ በሚጽፉ ማዕከላት ውስጥ ስለሆነ፣ ከፖለቲካ መራቅን ከቤተሰቡ የተማረ ልጅ በሩ ላይ ሊያመነታ ይችላል። ጋራዥ የወንድ ቦታ ነው ብሎ ማሰብም ሴቶቻችንን ያስቀራል። በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ጋራዦች ለሴቶች ብቻ የተለየ ምሽት የሚያዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ጋራዥ መንገድ አይሠራም። ፍሬን ቢጠበቅም የብስክሌት መንገድ ከሌለ አደጋው አለ። ቦሎኛ በጥር 2024 በአብዛኞቹ የከተማ መንገዶቿ ፍጥነትን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገድባለች፤ እንዲህ ያለውን የሚወስነው መንግሥት ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ አርብ የሚደረገው ጉዞና ማታ የሚከፈተው ጋራዥ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። አንዱ ብስክሌቱን ያስተካክላል፣ ሌላው መንገዱ እንዲስተካከል ይጠይቃል።

8. የእኛስ ባህል?

ወላጆቻችን ስለ ብስክሌት ያላቸውን አመለካከት ብዙዎቻችን እናውቃለን። ልጅ ሲሆኑ መጫወቻ ነው፤ ሲያድጉ ደግሞ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ምልክት ነው። ነገር ግን ባሕር ዳርን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው በሳይክል ሲሄድ የኖረባት ናት። በመንገድ ዳር ጃንጥላ ተክሎ፣ ባልዲ ውኃና መንፊያ ይዞ የሚቀመጠው ጠጋኝ የዚያ ከተማ ሕይወት አካል ነው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ነገሩ ቢለወጥም ልምዱ ገና አልጠፋም። አዲስ አበባም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ የማድረግ ልምድ ጀምራ ነበር።

በስፖርቱም ቢሆን ታሪክ አለን። በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ተወዳድረዋል። አበበ ቢቂላ በ1960 በዚሁ በሮም በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ በብስክሌቱም ኢትዮጵያ ተሰልፋ ነበር። በ2016 ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አበበ የሮጠበት የአፒያ አንቲካ መንገድ ዛሬ በእሑድ ጠዋት ብስክሌት ለመንዳት ከሚመረጡት የሮም መንገዶች አንዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነዳ ሰው ግን ድንጋዩ ስለሚንጥ ለስላሳው ክፍል ላይ መጀመር ይሻላል።

9. ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ አስተርጓሚ እንሁን። በወር አንድ ምሽት ሁለት ሁለት ሆነን ወደ አንዱ የሕዝብ ጋራዥ እንሂድ። መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ በፈቃደኛውና አዲስ በመጣው ወንድማችን ወይም እኅታችን መካከል ቆሞ መተርጎም ይበቃል። ቀድመን ግን ፈቃደኞቹን እንጠይቃቸው፤ ቤቱ የእነሱ ነውና ሥርዓታቸውን አክብረን እንግባ።

ሁለተኛ፣ ከላይ ያለውን የኤ-ቢ-ሲ ምርመራና ሕጉን በአማርኛና በትግርኛ በአንድ ገጽ አትመን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በሐበሻ ምግብ ቤቶችና በሱቆች እንለጥፍ። ነርስ ተማሪዎች ጽሑፉን እናዘጋጃለን፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ሥዕሉን ይሣሉልን።

ሦስተኛ፣ መብራት እንሰብስብ። ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ሥራ የያዛችሁ የቀድሞ አባላት፣ ገንዘብ መላክ ካሰባችሁ በዚህ ጀምሩ። አንድ ጥንድ የፊትና የኋላ መብራት ከአንድ የምግብ ቤት ምሳ አይበልጥም። ምድር ቤት ውስጥ የቆመ ብስክሌት ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ለጋራዡ ስጡት።

እነዚህን ስንሠራ እኛም የምንማረው አለ። እዚህ ያደግን ልጆች አዲስ ለሚመጡ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ወረቀት መሙላትና ቢሮ አብሮ መሄድ ነው። ያ ጥሩ ነው፤ ግን ሁልጊዜ እነሱ ተቸጋሪ፣ እኛ ረጂ እንሆናለን። በጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ባሕር ዳር ያደገው ልጅ የተጣመመ ቸርኬ እንዴት እንደሚቃና ለእኛ ያሳየናል፤ እኛ ደግሞ ሕጉን እናነብለታለን።

ሐሳቡን የምትደግፉ፣ የምትቃወሙ፣ ወይም የተሻለ የምታውቁ አባላት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ። ጥቅምት ሲገባ ቀኑ ያጥራል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው የሚነዳው በጨለማ ይሆናል። መብራቱን ማሰባሰብ ያለብን ከዚያ በፊት ነው።